የኤኔያስ አፍንጫ፦ የላቲን ግጥም በተርጓሚዎች እጅ

በ1697 ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ታተመ (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገጣሚው ከሞተ አሥራ ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ሮማዊው ቨርጂል፣ ተርጓሚው በዘመኑ የእንግሊዝ ባለቅኔዎች አውራ የነበረው ጆን ድሪደን ነው። አሳታሚው ጄከብ ቶንሰን መጽሐፉ ለንጉሥ ዊልያም 3ኛ መታሰቢያ እንዲሆን አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ድሪደን አሻፈረኝ አለ። ካቶሊክ ነው፤ ዊልያም ደግሞ ዙፋኑን የያዘው ካቶሊኩ ጄምስ 2ኛ ከአገር ሸሽቶ ሲወጣ ነው። ድሪደንም በዚያው ግርግር የቤተ መንግሥት ባለቅኔነት ማዕረጉን ከነደመወዙ አጥቷል። ቶንሰን ግን ብልሃት አላጣም። ለመጽሐፉ ያሰባቸው ሥዕሎች ለቀድሞ እትም በመዳብ ሰሌዳ የተቀረጹ ነበሩና፣ የጀግናውን የኤኔያስን አፍንጫ በየሰሌዳው እንደገና አስቀርጾ እንደ ንጉሡ አፍንጫ ቆልማማ አደረገው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለሣቅ ነው። ከሥዕሎቹ አጠገብ ያለውን ግጥም ላነበበ ግን ነገሩ ከሣቅ ያልፋል። የቨርጂል «ኤኔይድ» ከትሮይ ቃጠሎ ያመለጠው ኤኔያስ ባሕር አቋርጦ ጣልያን የደረሰበትንና የሮም ዘር የተጣለበትን ታሪክ ይተርካል። ላቲኑ መግቢያው ላይ ኤኔያስን በአንዲት ቃል «ስደተኛ» ይለዋል፤ ድሪደን ያችን ቃል «የተባረረና የተሰደደ» ብሎ አጠፋት፣ ማለትም ሁለት አደረጋት። ላቲኑ «አማልክቱን ወደ ላቲየም እስኪያስገባ» ይላል፤ ድሪደን ደግሞ «የተሰደዱት አማልክቱ ወደ ሥርዓታቸው ተመለሱ» አለ። ስደቱም መመለሱም ከላቲኑ የሉም። በ1697 ለንደን ላይ «የተሰደደው ተመለሰ» የሚል ስንኝ ሰምቶ ፈረንሳይ ተጠግቶ የተቀመጠውን ጄምስን የማያስብ አንባቢ አልነበረም። በአንድ መጽሐፍ ሁለት ነገሥታት ሰፈሩ፤ አሸናፊው በአፍንጫው፣ ተሸናፊው በስንኙ።

ድሪደን ያደረገውን ያውቃል። ዓላማዬ ቨርጂል እንግሊዝ አገር፣ በዚህ በእኛ ዘመን ተወልዶ ቢሆን ይናገረው የነበረውን እንግሊዝኛ እንዲናገር ማድረግ ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1680፣ ትርጉምን በሦስት ከፍሎት ነበር፦ ቃል በቃል፣ ሐሳብን ተከትሎ፣ እና ዋናውን መነሻ ብቻ አድርጎ እንዳሻ መጻፍ። መካከለኛውን መረጠ። ቃል በቃል የሚተረጉመውን ሰው እግሩ ታስሮ በገመድ ላይ ከሚጨፍር ጋር አመሳሰለው፤ በጥንቃቄ ከመውደቅ ይድን ይሆናል፣ የእንቅስቃሴ ውበት ግን ከእሱ አይጠበቅም።

ችግሩ ያለው «በዚህ በእኛ ዘመን» በምትለው ሐረግ ላይ ነው። ትርጉም የሚያረጀው ቋንቋ ስለሚያረጅ ነው ሲባል እንሰማለን። ግማሽ እውነት ነው። የድሪደን እንግሊዝኛ ዛሬም ይነበባል፤ ያረጀው የጄምስ ጉዳይ ነው። እኔ የትርጉምን ዘመን የማውቀው ተርጓሚው በጨመረው ሳይሆን ያለ ጸጸት በጣለው ነገር ነው። ዋናው ሁሉ ሊያልፍ እንደማይችል ማንም ያውቃል፤ እያንዳንዱ ዘመን ግን «ይህ ቢቀር አይጎዳም» የሚለው ነገር ይለያያል። ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሮም ግጥም ሲደርሰን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ነው፤ ስለዚህ እንግሊዞች የጣሉትን ሳናውቅ እኛም እንጥላለን። አንዳንዴም የጣሉት፣ የእነሱ ቋንቋ ሊሸከመው ያልቻለውን፣ የእኛ ግን ያለ ድካም የሚሸከመውን ነው።

በድልድይ ስለሚሻገር ትርጉም ከጋቪን ዳግላስ በላይ የተቆጣ ሰው አላውቅም። ዊልያም ካክስተን በ1490 «ኤኔይድ» ነው ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ የመጣው ከፈረንሳይኛ እንጂ ከላቲን አልነበረም። የኤዲንብራው ካህን ዳግላስ ያንን መጽሐፍ አንብቦ፣ ቨርጂልን የሚመስለው ዲያብሎስ ቅዱስ አውግስጢኖስን የሚመስለውን ያህል ነው ብሎ ጻፈ። ጽፎም አልቀረ፤ ከላቲኑ ቀጥታ በስኮቶች ቋንቋ ሙሉውን ተረጎመው። ዐሥራ ስምንት ወር ፈጀበት። በመግቢያው የቃል እጥረቱን አይደብቅም፤ ስኮትኛው አልበቃ ሲለኝ ከላቲንም፣ ከፈረንሳይኛም፣ ከእንግሊዝኛም ተበድሬአለሁ ይላል። ሥራውን የጨረሰው ሐምሌ 22 ቀን 1513 ነው። ልክ ሰባት ሳምንት ሲሞላ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 4ኛ ፍሎደን በተባለ የጦር ሜዳ ላይ ከመኳንንቱ ጋር አለቀ።

ዳግላስን ብወደውም በድልድይ ላይ ያለውን ቁጣ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። አቡነ ዕንባቆም በ1553 «በረላምና ይዋስፍ»ን ወደ ግዕዝ የመለሱት ከዐረብኛ ነው። ታሪኩ ከሕንድ ከቡድሃ ሕይወት ተነሥቶ በስንት ቋንቋ ተንከባልሎ የመጣ ነው፤ ግዕዙ በዚህ ምክንያት ዲያብሎስ አልሆነም። ድልድይ ሁሉ ቀረጥ ያስከፍላል፤ ዋናው ምን እንዳስከፈለን ማወቁ ነው።

ቀረጡን በቅርብ ለማየት ከካቱሉስ የተሻለ ምሳሌ የለም። ካቱሉስ የቬሮና ልጅ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ኖሮ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ገደማ ሞተ። ግጥሞቹ ለእኛ የደረሱት በ1300 አካባቢ እዚያው ቬሮና ብቅ ባለ፣ ኋላም በጠፋ አንድ ብራና ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ከነዚያ አንዱ ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፦

«ኦዲ ኤት አሞ። ኳሬ ኢድ ፋኪያም፣ ፎርታሴ ሬኲሪስ።
ኔስኪዮ፣ ሴድ ፊዬሪ ሴንቲዮ ኤት ኤክስክሩኪዮር።»

ዐሥራ አራት ቃል። አንድም ስም የለበትም፣ አንድም ቅጽል የለበትም። ስምንቱ ግሦች ናቸው። ጽጌረዳ የለ፣ ጨረቃ የለ፣ የሴት ስም የለ፤ የሚላወስ ነገር ብቻ። ቃል በቃል፦ እጠላለሁ፣ እወዳለሁም። ይህን ለምን እንደማደርግ ምናልባት ትጠይቅ ይሆናል። አላውቅም፤ ግን ሲደረግብኝ ይሰማኛል፣ እሰቃያለሁም።

የጉዱ መቀነት ያለው «ፋኪያም» እና «ፊዬሪ» ላይ ነው። የመጀመሪያው «ላደርግ» ነው፤ አድራጊው እኔ። ሁለተኛው «መደረግ» ነው፤ አድራጊው የለም፣ ወይም እኔ አይደለሁም። ጠያቂው «ለምን ታደርገዋለህ?» ሲል ገጣሚው ጥያቄውን ያርመዋል፦ እኔ አላደርገውም፣ ይደረግብኛል። ግጥሙ በሁለት ስንኝ መካከል ከአድራጊ ግሥ ወደ ተደራጊ ግሥ ይወድቃል፤ የመጨረሻው ቃልም ተደራጊ ነው። ሌላ ድራማ የለውም፣ አያስፈልገውምም።

ሪቻርድ ላቭሌስ፣ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ከንጉሡ ወገን ቆሞ ሁለት ጊዜ የታሰረ ወታደር ገጣሚ፣ ይህን ግጥም ተርጉሞ ነበር፤ ከሞተ በኋላ በ1659 በወጣው መድበሉ ውስጥ ይገኛል። በአማርኛ ብናወጣው እንዲህ ያለ ነው፦ እጠላለሁ፣ እወዳለሁም፤ ምክንያቱን ማወቅ ትሻለህ? አላውቅም፤ ግን እነድዳለሁ፣ እንዲያ መሆኑም ይሰማኛል። ሁለቱ ስንኞች ጥሩ አድርገው ቤት ይመታሉ። የሮማውያን ግጥም ቤት አይመታም፤ የድምፅ ርዝመትና እጥረት እየተለካ የሚሄድ ነው። በዐሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ግን ቤት የማይመታ የፍቅር ስንኝ ግማሽ ልብስ ለብሶ አደባባይ እንደ መውጣት ነበር። ስቃዩም እሳት ሆኗል፣ የዘመኑ አፍቃሪ መንደድ ነበረበትና። «ይደረግብኛል» የምትለዋ ደብዛዋ ጠፍታለች። ላቭሌስ የግጥሙን አከርካሪ ጥሎ ቤቱን አስመታ፤ እርግጠኛ ነኝ አንድም ሌሊት እንቅልፍ አልነሳውም።

ኤዝራ ፓውንድ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጥቶ አከርካሪውን መለሰው። ቤት መምታቱን ትቶ፣ የመጀመሪያውን ስንኝ አፍ ላይ እንዳለ ቆርጦ፣ «በእኔ ላይ ሲደረግ ይሰማኛል» የሚል ሐረግ አስገባ። ለ«አላውቅም» ደግሞ የመንገድ ንግግር መረጠ፤ እኛ «ግራ ገባኝ» እንደምንለው ዓይነት። በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን ላቲኑ በአንድ ቃል ያለውን ለማለት እንግሊዝኛው ስንት ትንንሽ ቃል እንደ ጠጠር እንደደረደረ ቁጠሩ። «አይ» የምትለዋ ተውላጠ ስም በየግሡ ፊት መቆም አለባት። እንግሊዝኛ ግሡ ብቻውን ማን እንዳደረገ አይነግርም።

አማርኛ ይነግራል። «እጠላለሁ» ሲባል «እኔ» ውስጡ አለ፤ እንደ «ኦዲ» አንድ ቃል ነው። «ይደረግብኛል» ደግሞ ከላቲኑም አልፎ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ተደራጊነቱ፣ ጉዳቱ እና ተጎጂው አንዲት ቃል ውስጥ ተቀምጠዋል። ያቺ «ብ» ላቲን ውስጥ የለችም። «ኔስኪዮ»ም በአንድ ቃል ትመለሳለች፣ «እንጃ»። ላቲኑን ቀጥታ ያየ ሰው ይህን ሁሉ በነጻ ያገኛል። በፓውንድ በኩል የመጣ ተርጓሚ ግን «በእኔ ላይ ሲደረግ» ብሎ ሦስት ቃል ይጽፋል፤ እንግሊዝኛው እንዲያ ስላለ።

አማርኛም የራሱ ወጥመድ አለው። «እጠላለሁ» ብሎ ማቆም ለአማርኛ ጆሮ ይጎድላል፤ ማንን? እጃችን ሳናዘው «እጠላታለሁ፣ እወዳታለሁ» ይላል። አንዲት «ታ»። ከዚያ በኋላ ግጥሙ ስለ አንዲት ሴት ሆነ። እርግጥ ካቱሉስ በሌሎች ግጥሞቹ ሌዝቢያ የሚላትን ሴት ይጠራል፤ ክሎዲያ የተባለች የትልቅ ሰው ሚስት ናት የሚሉም ብዙዎች ናቸው። እዚህ ግጥም ላይ ግን አልጠራትም። ባዶውን የተወው አውቆ ነው። እንግሊዝኛው ያን ባዶ ያለ ችግር ይጠብቀዋል፣ እኛ እንሞላዋለን።

የመጨረሻዋ ቃል «ኤክስክሩኪዮር» ናት። ውስጧ «ክሩክስ» አለ፣ መስቀል። ካቱሉስ በሕይወት ሳለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71፣ ከስፓርታከስ ጋር ያመፁ ስድስት ሺህ ባሮች ከካፑዋ እስከ ሮም ባለው መንገድ ዳርና ዳር ተሰቅለዋል። ለሮማዊ አንባቢ መስቀል የባሪያ ሞት ነው። ታዲያ «እሰቀላለሁ» ብንለው? አይሆንም፤ አማርኛ አንባቢ ስቅለትን፣ ዓርቡን፣ ስግደቱን ያስባል፣ ግጥሙም ቤተ ክርስቲያን ይገባል። «እሰቃያለሁ» ይሻላል። ሰቀለና አሠቃየ ሥርወ ቃላቸው ለየቅል ነው፤ ጆሮ ግን ዝምድና ይሠራላቸዋል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ፈገግ ይላል። ስለዚህ የእኔ ሙከራ እዚህ ላይ ያበቃል፦

እጠላለሁ፣ እወዳለሁም፤ ለምን ታደርገዋለህ ትለኝ ይሆናል።
እንጃ፤ ብቻ ሲደረግብኝ ይሰማኛል፣ እሰቃያለሁም።

ከዚህ ሁሉ የባሰ ድፍረት ያየሁት ግን ከአሜሪካዊው ሉዊስ ዙኮፍስኪ ነው። ከባለቤቱ ከሲሊያ ጋር ሆኖ ካቱሉስን በሙሉ በድምፁ ተረጎመው፤ መጽሐፉ በ1969 ወጣ። ትርጉሙን ትቶ ድምፁን የሚመስል እንግሊዝኛ ፈለገ። «ኦዲ ኤት አሞ» በእጁ «ኦ ዘሄት አይ ሙቭ ላቭ» ሆነ። ብዙዎች እብደት አሉት፤ እኔ ግማሹን እብደት እላለሁ። ለመሆኑ እኛ በዚህ መንገድ ብንሞክር «አሞ»ን ምን እናደርጋት ነበር? በላቲን «እወዳለሁ» ማለት ናት፤ በአማርኛ ጆሮ «አሞኛል» ነው የምትለው። ካቱሉስ በሌላ ግጥሙ ፍቅሩን በቀጥታ በሽታ ብሎ ከዚህ ደዌ ፈውሱኝ እያለ አማልክትን ይማጠናል። ዙኮፍስኪ አማርኛ ባለማወቁ ጥሩ ዕድል አመለጠው።

ከካቱሉስ ቀጥሎ ለተርጓሚ ፈተና የሆነው ሆራስ ነው፤ በተለይ ፒራ ለምትባል ሴት የጻፈው ባለ 16 ስንኝ ግጥም። የኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ገዥ የነበረው ሮናልድ ስቶርስ የዚህን የአንድ ግጥም ትርጉሞች ከየቋንቋው ዕድሜውን ሙሉ ሲለቅም ኖሮ፣ ከሞተ በኋላ በ1959 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ተመርጠው ታተሙ። የመጀመሪያው ስንኝ በላቲኑ የቃል ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ማን፣ ብዙ፣ ቀጭን፣ አንቺን፣ ልጅ፣ በጽጌረዳ። «ብዙ» ከ«ጽጌረዳ» ጋር ነው የሚሄደው፤ «ቀጭን» ከ«ልጅ» ጋር። «አንቺን» መሐል ናት። ቀጭኑ ልጅ ከግራና ከቀኝ አቅፏታል፣ ሁለቱን ደግሞ ጽጌረዳው ከቦአቸዋል። ስንኙ ራሱ ሥዕል ነው። ጆን ሚልተን በ1673 ይህን ግጥም ያሳተመው ቋንቋው እስከ ፈቀደ ድረስ ቃል በቃል፣ ቤት ሳይመታ ተተረጎመ ብሎ ከላይ ጽፎ ነው፤ እሱም ቢሆን ልጁን ከፊት፣ ልጅቱን ከኋላ፣ ጽጌረዳውን ከሥር ከማስቀመጥ አላመለጠም።

እዚህ አማርኛም አያድነንም፤ ቅጽልን ከስሙ ነጥለን ሦስት ቃል ማዶ ብናስቀምጠው ማንም አይከተለንም። ግዕዝ ግን ይችላል። የግዕዝ ቅኔ ቃሉን በታትኖ ይደረድራል፤ ተማሪው የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚስብ ሲፈልግ ያድራል፣ ባለቤቱን ከወዲያ፣ ማሰሪያ አንቀጹን ከወዲህ ይለቅማል። ላቲን የሚማር የአውሮፓ ልጅ ሆራስ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጎንጅ ላይ ቅኔ የቆጠረ ሰው የፒራን ግጥም ከኦክስፎርድ ተማሪ ፈጥኖ ይፈታል ብዬ ብወራረድ አልከስርም።

ተርጓሚዎች የጣሉት ሁሉ ግን በቋንቋ አቅም ማነስ አይደለም። ብዙው በእፍረት ነው። የሎብ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን ተከታታይ እትም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግራው ገጽ ላቲን፣ ቀኙ እንግሊዝኛ። በ1919 መውጣት የጀመረው የሮማዊው ገጣሚ የማርሻል እትም ጸያፎቹ ግጥሞች ላይ ሲደርስ ቀኙ ገጽ በድንገት ጣልያንኛ ይሆናል። የእንግሊዝ አንባቢ ከነውር ተጠበቀ፤ ለጣልያኖቹ ግን ያዘነላቸው የለም። ካቱሉስም ከዚህ አላመለጠም፤ አንዳንድ ስንኞቹ ለረጅም ዘመን በነጥብ እየተተኩ ሲታለፉ ኖረዋል። የሚገርመው፣ ተማሪ ወዲያው የትኛውን ገጽ መፈለግ እንዳለበት በነጥቦቹ ያውቅ ነበር።

በሮማዊው ገጣሚ በኦቪድ ላይ የሆነው ደግሞ በየዘመኑ ይገለባበጣል። በዐሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ ስሙ ያልታወቀ ፈረንሳዊ የኦቪድን «ሜታሞርፎሲስ» ወደ 72,000 ስንኝ አሳደገው፤ ዋናው 12,000 ያህል ብቻ ነው። የተረፈው ትርጓሜ ነው፦ ይህ አምላክ ክርስቶስ፣ ያቺ ልጅ ነፍስ፣ ይህ እንስሳ ኃጢአት። አንድምታን ለሚያውቅ አንባቢ አካሄዱ እንግዳ አይሆንበትም፤ «አንድም» እየተባለ የሚወርድ ነው። በ1567 በእንግሊዝኛ ያቀረበው አርተር ጎልዲንግ የካልቪን መጻሕፍት ተርጓሚ ነበር፤ እሱም ተረቶቹን በግብረ ገብ መግቢያ አጥሮ አስገባቸው። ጆርጅ ሳንዲስ ከፊሉን የተረጎመው በ1621 ወደ ቨርጂኒያ በሚጓዝ መርከብ ላይ ሆኖ ነው።

ዛሬ ክርክሩ ሌላ ነው። መጽሐፉ አማልክት ሴቶችን በሚያሳድዱበትና በሚደፍሩበት ታሪክ የተሞላ ነው። በ2015 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጋዜጣቸው ላይ ኦቪድ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚቀርብ ቅሬታ ጽፈው ትልቅ ሙግት አስነሡ። አንዱ ወገን ሳንሱር ነው አለ፣ ሌላው ጥንቃቄ። እኔን የሚገርመኝ ከሁለቱም ወገን ብዙው ሰው የሚሟገተው ስለ ትርጉሞቹ መሆኑን አለማስተዋሉ ነው። በላቲኑ «ዊስ» አለ፣ ጉልበት፣ ኃይል ማለት ነው፤ «ራፔሬ» አለ፣ መንጠቅ። የድሮ እንግሊዝኛ ትርጉሞች እነዚህን ብዙ ጊዜ በሚጣፍጥ ቃል ያልፏቸው ነበር፤ አምላኩ «ተደሰተባት»፣ ልጅቱ «ተሸነፈችለት»። ስቴፈኒ ማካርተር በ2022 ያወጣችው ትርጉም ኃይል ባለበት ኃይል፣ መድፈር ባለበት መድፈር ይላል። ይህን ዘመን አመጣሽ ቁጣ የሚሉት አሉ። ላቲኑን ገልጦ ማየት ነው፤ «ጉልበት» የምትለው ቃል ሁለት ሺህ ዓመት እዚያው ተቀምጣ ነበር።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። የአማልክት አለቃ ዩፒተር ኢዮ የምትባለውን ልጅ ሲይዛት ኦቪድ የሚለው ቃል በቃል «ክብረ ንጽሕናዋን ነጠቀ» ነው። አማርኛው እንዴት እንደገጠመ አያችሁ? ነገር ግን ይህ በእኛም ዘንድ የሽማግሌ አነጋገር ነው፤ ድርጊቱን በክብር መጋረጃ ይሸፍነዋል። «ደፈራት» ካልን መጋረጃውን ቀደድነው፤ ኦቪድ ራሱ ያንጠለጠለውን መጋረጃ። እዚህ ላይ እኔ መጋረጃውን እተወው ነበር፤ ሌላ ሰው ቢቀድደው አልከሰውም።

ፐርሰፎኒን፣ ሮማውያን ፕሮሰርፒና የሚሏትን፣ የሲኦል ንጉሥ ሲወስዳት ደግሞ ኦቪድ ሦስት ተደራጊ ግሦች ይደረድራል። በአማርኛ እንደ እርሳስ ገብተው ይቀመጣሉ፦ «ታየች፣ ተወደደች፣ ተጠለፈች»፤ በአንድ ትንፋሽ ነው ማለት ይቻላል። ለእንግሊዝኛ ተርጓሚ «ራፔሬ» ራስ ምታት ነው፤ ጠልፎ መውሰዱንና ማግባቱን በአንድ ላይ የያዘ ቃል የለውም። እኛ ጠለፋ አለን፣ ከነሠርጉ። ግን የእኛም ቃል ባለበት አልቆመም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድንበት የነበረውን ድንጋጌ ሰርዞታል። ከዚያ በፊት «ተጠለፈች» ብሎ የተረጎመ ሰውና ከዚያ በኋላ የተረጎመ ሰው አንድ ቃል ጽፈው ሁለት ነገር ብለዋል። ቃሉ በአንባቢው ቤት ውስጥ ተለውጧል፣ ተርጓሚው ሳይነካው።

ወደ ድሪደን ልመለስና የአፍንጫውን ጉዳይ ልቋጨው። ኤኔያስ ከባሕር ተርፎ ካርቴጅ ሲደርስ በዩኖ ቤተ መቅደስ ላይ የትሮይ ጦርነት ተሥሎ ያገኛል። የራሱን ሙታን እያየ አጠገቡ ላለው ጓደኛው የሚናገራት ሐረግ ከላቲን ግጥም ሁሉ ይበልጥ የተተረጎመች ሳትሆን አትቀርም፤ «ሱንት ላክሪማይ ሬሩም»። ሦስት ቃል፦ አለ፣ እንባ፣ የነገሮች። ነገሮች ያለቅሳሉ ነው? ለነገሮች ይለቀሳል ነው? ላቲኑ አይመርጥም። ድሪደን መረጠ፤ የትሮይ ሐዘን የካርቴጆችን ርኅራኄ ይጠይቃል ብሎ ጉዳዩን በሁለት ሕዝቦች መካከል አስቀረው፣ እንደ አምባሳደር። ሮበርት ፌግልስ በ2006 ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ፤ ዓለም የእንባ ዓለም ናት ዓይነት አደረገው። ሁለቱም እኩል ትክክል፣ እኩል ስሕተት ናቸው።

የእኛ «የ» ግን መምረጥ አትወድም። «የእናት ፍቅር» ሲባል እናት የምትወደው ነው ወይስ እናትን የሚወዱት? ሁለቱም ነው። «ሬስ» ደግሞ በላቲን ነገርም ነው፣ ጉዳይም ነው፣ ፍርድ ቤት የቆመ ክርክርም ነው፤ ልክ እንደ «ነገር»። «የነገር እንባ አለ» ብሎ የሚጽፍ አማርኛ ተርጓሚ ቨርጂልን ከድሪደንም ከፌግልስም ቀርቦ ይነካዋል፣ ምንም ሳይደክም።

የሚደክመው ሃያ ሰባት ስንኝ ዝቅ ብሎ ነው። እዚያው ግድግዳ ላይ ኤኔያስ የምሥራቁን ሠራዊትና የሜምኖንን የጦር መሣሪያ ያያል። ሜምኖን የንጋት ልጅ፣ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው፤ ግሪኮችና ሮማውያን ኢትዮጵያ የሚሉት አገር ወሰኑ የዛሬውን ካርታ ባይከተልም። ለትሮይ ሊዋጋ መጥቶ በአኪሌስ እጅ ሞተ። ቨርጂል የሚሰጠው ቅጽል አንድ ብቻ ነው፣ «ኒጌር»፣ ጥቁር። ድሪደን ላቲኑ «ምሥራቅ» ያለውን ወደ ሕንድ ወሰደው፤ ሜምኖንንም ጥቁር አላለውም፣ በእኛ አነጋገር ጠይም አደረገው። አማርኛ ተርጓሚ እዚህ ሲደርስ ብዕሩ መቆሙ አይቀርም። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ፤ እያንዳንዱ ቃል ሠርግ ላይ፣ ዘፈን ውስጥ፣ ስድብ ውስጥ የየራሱ ቦታ አለው። ላቲኑ ጥቁር ይላል። እኔ ጥቁር ብዬ እጽፋለሁ።